ያገለገለ ካኖን 700ዲ ለኩንግፉ ኮሜዲ፦ ምን ይችላል፣ የት ይከዳል

መሀል አዲስ አበባ ያገለገለ ካሜራ ስትጠይቁ ካኖን 700ዲ ሳይቀርብላችሁ መውጣት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ዕድሜውን ሠርግና ምርቃት ሲቀርጽ የኖረ፣ ካርቶኑ ጠፍቶ ብዙ ጊዜ በፌስታል የሚሰጥ ካሜራ ነው። ሠርግ ቀራጮች ወደ አዳዲሶቹ ሲያልፉ እሱ ገበያው ላይ ቀረ። እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አራት አምስት ጓደኛሞች ከኪሳቸው አዋጥተው ለሚሠሩት፣ አምስት ደቂቃ ለማይሞላ የኩንግፉ ኮሜዲ።

ለዚህ ሥራ ይበቃል። የሚበቃው ግን በምስል ጥራቱ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ዛሬ ያለ ደህና ስልክ ይበልጠዋል። የሚበቃው በሁለት ነገር ነው፦ ሌንሱ በቡጢና በፊት መካከል ያለውን ርቀት ይደብቃል፤ ደግሞም ብርሃኑም ፎከሱም ቀለሙም በእጅ ተቆልፎ እዚያው ይቆያል። የድብድብ ኮሜዲ ከካሜራ የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ የቀረው የተዋናዮቹ፣ የስፖንጁና የቅንብሩ ሥራ ነው።

ዋጋ አንጽፍም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ ስለማይቆም ዛሬ የተጻፈ ቁጥር በሚቀጥለው ወር ያሳስታል። እንደኛ መለኪያው ይሄ ነው፦ ካሜራው ከ18-55 ሌንሱ (ከሰፊው 18 ሚሊ ሜትር እስከ አቅራቢው 55 ሚሊ ሜትር ከሚሄደው)፣ ከቻርጀሩና ከአንድ ባትሪ ጋር ተደምሮ ከአንድ መካከለኛ አዲስ ስልክ በላይ ከተጠራባችሁ ተከራከሩ፤ ካልሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

ስትገዙ

መጀመሪያ ስሙ አያደናግራችሁ። ከአሜሪካ የመጣው ላይ ሪበል ቲ5አይ፣ ከጃፓን የመጣው ላይ ኪስ ኤክስ7አይ ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስቱም አንድ ካሜራ ናቸው። «ይሄ የአሜሪካ ነው» ተብሎ ዋጋ ሲጨመር ዝም ብላችሁ እለፉት። ይልቅ የቀደመው ሞዴል 650ዲ በ700ዲ ስም እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ። የላይኛውን መደወያ አዙሩት፤ የ700ዲው ሳይቆም ሙሉ ዙር ይዞራል፣ የ650ዲው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሌንሱ ላይ «ኤስቲኤም» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። የድሮው 18-55 ሞተሩ ሲፎክስ ይጮኻል፤ ኤስቲኤሙ ጸጥ ያለ ነው፣ ምስሉም ይሻላል። ቀጥላችሁ የሚታጠፈውን ስክሪን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙሩት። በዙሩ መሀል ብልጭ ካለ ወይ ከጠቆረ የውስጡ ገመድ ደክሟል ማለት ነው። ለድብድብ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ስክሪኑን ወደ ላይ አጥፋችሁ ስለምትቀርጹ ያለዚህ ስክሪን 700ዲ መግዛት ትርጉም የለውም። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ትብነት) 3200 አንድ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት፤ ጥቁሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ አርጅቷል። ከዚያ በኤፍ 22 (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ጠቦ) ሰማዩን አንሱ፤ የደበዘዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፣ ለዋጋ መቀነሻ ይሆናል። በመጨረሻ ካርድ አስገብታችሁ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ሻጩ ለዚህ ከተነጫነጨ ምክንያት አለው።

ሻተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ካኖን ለዚህ ሞዴል የገመተው 100,000 ፎቶ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከፎቶው ፋይል ላይ ማንበብ አይቻልም፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ነው የሚታየው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሻተሩ እንደ ፎቶው በየፍሬሙ ስለማይመታ ሠርግ ላይ የደከመ ሻተር ለእናንተ ያን ያህል አያሰጋም። ስታውቁ ግን እንደማታውቁ ሆናችሁ ተደራደሩበት።

ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት የሚቆለፉት

ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የቪዲዮ ሲስተሙን ፓል (በሴኮንድ 25 ወይ 50 ፍሬም የሚሰጠው) ላይ አድርጉ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ እያንዳንዱን በ1/60 ሴኮንድ ሻተር የሚቀርጽ ካሜራ ግን ያየዋል፣ ምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ጥላ ሆኖ ይወጣል። ፓል ላይ ሆናችሁ በ25 ፍሬም በ1/50 ወይ በ1/100 ከቀረጻችሁ ጣጣው ይቀራል። ምሽት ላይ በካፌ ወይ በኮንዶሚኒየም ደረጃ የተቀረጹ ብዙ የጓደኛሞች ፊልሞች የሚበላሹት በዚህች አንዲት ቅንጅት ነው።

መደወያው ኤም (ሁሉም በእጅ) ላይ፣ ማብሪያው የቪዲዮ ምልክቱ ላይ ይሁን። አይኤስኦው ከአውቶ ይውጣ፤ ከ1600 በላይ ምስሉ በነጠብጣብ ስለሚሞላ አትለፉ። ኋይት ባላንሱ (የቀለም ማስተካከያው) ውጭ ከሆናችሁ ፀሐይ ምልክቱ ላይ ይቆለፍ። «ሙቪ ሰርቮ ኤኤፍ» የሚለውን፣ እየቀረጸ ራሱ የሚፎክሰውን፣ አጥፉት፤ ሁለት ሰው ሲደባደብ የቱን እንደሚከተል ግራ ይገባውና በመሀል ግድግዳው ላይ ይፎክሳል። ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክለው «አውቶ ላይቲንግ ኦፕቲማይዘር» ይዘጋ፤ ፒክቸር ስታይሉ (የምስሉ መልክ) ኒውትራል ይሁን። ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ፎከሱን ያዙና የሌንሱን ማብሪያ ወደ ኤምኤፍ (የእጅ ፎከስ) መልሱት።

ሁሉም ነገር እንዲህ የሚቆለፈው ለቅንብሩ ሲባል ነው። ነጭ የቴኳንዶ ልብስ የለበሰ ልጅ ዘሎ ፍሬም ውስጥ ሲገባ አውቶ የሆነ ካሜራ ምስሉን ያጨልማል፣ ሲወጣ ያነጣል። ድብድብ የሚሠራው ከአሥር ከሃያ ቁርጥራጭ ስለሆነ የአንዱ ብርሃን ከሌላው ካልገጠመ ተመልካቹ ቡጢውን ሳይሆን ቁርጡን ያያል።

ሻተሩ 1/50 ይሁን ስንል ሌላም ምክንያት አለን። በ1/50 የሚሄድ ክንድ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ያ ድብዛዜ ቡጢው እንዳልነካ ይሸፍናል። በ1/500 ክንዱ በየፍሬሙ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ክፍተቱም አብሮ ቁልጭ ይላል። ችግሩ የአዲስ አበባ ፀሐይ ነው፦ በጠራራው በአይኤስኦ 100 በ1/50 ለመቅረጽ ሌንሱን እስከ ኤፍ 22 መዝጋት ይጠይቃል፣ እዚያ ደግሞ ምስሉ ይለሰልሳል። መፍትሔው ኤንዲ8 የሚባለው ጥቁር ፊልተር ነው፤ ብርሃኑን ሦስት ስቶፕ (ወደ አንድ ስምንተኛ) ቆርጦ ኤፍ 8 ላይ ያመጣችኋል። የ18-55 ኤስቲኤም ሌንስ የፊልተር መጠን 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩን ሳትናገሩ አትግዙ።

ሌንሱና ቡጢው

ካሜራው ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ነው። ቡጢው ፊት ላይ ሊደርስ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይቆማል እንበል። ካሜራው ከተመቺው 1.5 ሜትር ላይ ካለ ቡጢው ለሌንሱ 1.2 ሜትር ላይ ነው፤ ከፊቱ አንጻር በ25 በመቶ ገዝፎ ስለሚታይ ማንም አልነካውም ይላል። ያው ቡጢ ካሜራው ወደ 4.5 ሜትር ሲርቅ የሚገዝፈው በ7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዓይን ሁለቱን አንድ ቦታ አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምት ሌንሱን 55 ላይ አድርጋችሁ ራቁ። ከ4.5 ሜትር በ55 ሚሊ ሜትር ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው 1.8 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ቁመት ነው፤ ሁለት ሰው ከወገብ በላይ በልኩ ይይዛል። ስልክ እዚህ ይሸነፋል፦ ዋናው ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱን ሰዎች ለመሙላት ትጠጋላችሁ፣ በተጠጋችሁ ቁጥር ክፍተቱ ይጋለጣል።

ርቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ መስመሩም አለ። ካሜራው፣ ቡጢውና ፊቱ በምቱ ቅጽበት በአንድ መስመር ላይ መሰለፍ አለባቸው። ለቀጥታ ቦክስ ካሜራው ከመቺው ትከሻ ጀርባ ወይ ከተመቺው ጀርባ ይቆማል። ከጎን ወደ ጎን ለሚሄድ ጥፊ ወይ ቦክስ ደግሞ እጁ በካሜራውና በፊቱ መካከል ማለፍ አለበት። በጎን ቆሞ ሁለቱንም በፕሮፋይል መቅረጽ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ የትኛውም ሌንስ አያድናችሁም። ቴስታ የሚቀለው ነው፤ ከሰጪው ማጅራት ጀርባ ከተቀረጸ ግንባሮቹ አንድ ክንድ ተራርቀውም ይገናኛሉ። ካልቾ ግን አስቸጋሪ ነው፣ እግር ረጅም ስለሆነ የት እንደቆመ ይታያል። ሆድ ላይ የሚያርፍ ካልቾ ከፈለጋችሁ ተመቺው ሹራቡ ስር ስፖንጅ ይታጠቅ፤ መቺው እግሩን በቀስታ ያሳርፍና ይግፋ፣ መወርወሩን ተመቺው ራሱ ይሥራው።

በትክክል የተቀረጸን ምት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ተመቺው ነው። ቡጢው ሲመጣ ስለሚያይ ጭንቅላቱን ሁለት ሦስት ፍሬም ቀድሞ ያዞራል። በግማሽ ፍጥነት አለማምዷቸው፤ መቺው ምቱ ላይ «ሃ!» ብሎ ይተንፍስ፣ ተመቺውም ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ይከተል። የቀረጻው ድምፅ በኋላ ስለሚጣል ጩኸቱ ምንም አይጎዳም። ጭንቅላት ሁልጊዜ ቡጢው በሄደበት አቅጣጫ ይሂድ። ከቀኝ ተመትቶ ወደ ቀኝ የሚወድቅ ሰው ያስቃል፤ እናንተ ባላሰባችሁት ምክንያት ግን።

ስለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ሻጮች ሊነግሯችሁ የሚችሉትን ለዚህ ሥራ እርሱት። ከ4.5 ሜትር በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ጥልቀት 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። በ18-55ቱ በ55 በኤፍ 5.6 ከ3.9 እስከ 5.3 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል፤ ደብዳቢውም፣ ተደብዳቢውም፣ ከኋላ ቆሎ እየበላ የሚያየው ጓደኛም። ኮሜዲ ያ ከኋላ ያለው ሰው ላይ ነው የሚሠራው።

መውደቅ፣ መንሸራተት፣ በር ላይ መጋጨት ግን የ18 ሚሊ ሜትር ሥራ ነው። ከ3.2 ሜትር ላይ 2.2 ሜትር ቁመት ስለሚይዝ ሰውየው ከጫማ እስከ ጸጉሩ ይገባል። እነዚህን አትቁረጡ። ጃኪ ቻንን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙሉ ሰውነቱ እየታየ፣ ካሜራው ሳይንቀጠቀጥ፣ ዕቃውን ሲያነሳም ሲስተውም እናያለን። ካሜራውን ስታንድ ላይ አቁሙና ቀልዱን ለሰውየው ተዉለት። እንዲህ ላለው ድብድብ ቤት ያለው ዕቃ ከሰይፍ ይበልጣል፦ መሶብ ጋሻ ይሆናል፣ ነጠላ አንገት ይጠልፋል፣ ሁለት ሰው ጀበናው እንዳይደፋ እየተሳሳ በአንድ እጁ ሊደባደብ ይችላል። ጀበናው የሸክላ ከሆነ ሁለት ያዙ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ቀዝቃዛ ይሁን።

ፍጥነት

700ዲ ስሎው ሞሽኑ ደካማ ነው። በ1280 በ720፣ በ50 ፍሬም ነው የሚቀርጸው፤ 25 ላይ ሲቀመጥ በግማሽ ይዘገያል፣ ከዚያ በላይ የለም። ምስሉ ወደ ሙሉ ኤችዲ ሲሰፋ ልስልስ ማለቱ ይታወቃል። ስለዚህ ከሁለት ሴኮንድ ያልበለጠ ቁራጭ ላይ ብቻ ተጠቀሙት፤ ለምሳሌ ጥፊው ካረፈ በኋላ ጉንጭ ሲርገበገብ። ሻተሩን 1/100 ካደረጋችሁት የቤት መብራት ስር እንኳ አይርገበገብም። ስልኮች በ120 ወይ በ240 ፍሬም የተሻለ ስሎው ሞሽን ይሰጣሉ፤ ግን በዚያ ፍጥነት የ50 ኸርዝ መብራት ርግብግቢት በግልጽ ይወጣል። የስልኩን ስሎው ሞሽን ደጅ፣ በፀሐይ ብቻ።

ከመዘግየት ይልቅ የሚጠቅማችሁ መፍጠን ነው። የሆንግ ኮንግ ድብድቦች በ22 ፍሬም ተቀርጸው በ24 እየታዩ በ9 በመቶ ይፈጥኑ ነበር። 700ዲ ላይ በ25 ቀርጻችሁ ቅንብር ላይ ምቱን ያለበትን ቁራጭ ብቻ ከ108 እስከ 115 በመቶ አፍጥኑት። ከ120 ካለፈ የጥንት ድምፅ አልባ ፊልም ይመስላል። የፈጠነው ቁራጭ ውስጥ የሚራመድ ሰው ወይ የሚወዛወዝ የታጠበ ልብስ ካለ ይጋለጣል፤ ከምቱ ስድስት ፍሬም በፊት ጀምሮ ከምቱ አራት ፍሬም በኋላ ቢያልቅ ይበቃል።

የሚከዳበት

ቆርቆሮ። መሀል ከተማ ግቢ ውስጥ ከቀረጻችሁ ከኋላ የቆርቆሮ አጥር አይጠፋም፤ 700ዲ ደግሞ ቪዲዮ ሲቀርጽ ከሴንሰሩ መስመሮችን እየዘለለ ስለሚያነብ ጠባብ የተደጋገመ መስመር ሲያይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሞገድ ይፈጥራል። ጠባብ ስትራይፕ ሸሚዝም እንዲሁ። ቅንብር ላይ አይጠፋም። አጥሩ ከፎከስ እንዲወጣ ተዋናዮቹን ከአጥሩ አራት አምስት ሜትር አርቁ፣ ወይ ብርድ ልብስ ስቀሉበት። የተሰቀለ ብርድ ልብስ ለኩንግፉ ግቢ መልክም ያምርበታል።

ካሜራውን በፍጥነት ካዞራችሁት የበሩ መቃን ይጋደማል፤ በፍጥነት የሚወዛወዝ ረጅም ዱላም ትንሽ ይጎብጣል። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ነው። የሽመል ትዕይንት ካላችሁ ዱላው ወደ ካሜራው እየመጣ እንጂ ካሜራውን እያቋረጠ አይወዛወዝ።

ካርዱ በደቂቃ 330 ሜጋባይት ገደማ ስለሚበላ 32 ጊጋባይት ለአንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ አንድ ጥሩ ባትሪም ያን ያህል ይቆያል። የሚያስቸግረው ኦሪጅናል የሆነ ኤልፒ-ኢ8 ባትሪ ማግኘቱ ነው። ኮፒዎቹ ሙሉ ነኝ እያሉ ድንገት ይጠፋሉ፤ የተቋረጠውም ፋይል አንዳንዴ አይከፈትም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማታውኑ ሁለት ባትሪ ሞልታችሁ እደሩ። በጠራራ ብዙ ከቀረጻችሁ ስክሪኑ ላይ የሙቀት ምልክት ይመጣል፤ ነጭ ሲሆን አረፍ አድርጉት፣ ቀይ ከሆነ ራሱ ሊቆም ነው።

ድምፅ

የማይክ ቀዳዳ አለው፣ የጆሮ ማዳመጫ ግን የለውም። የሚገባውን ድምፅ ሳትሰሙ ነው የምትቀርጹት ማለት ነው። መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ወያላው፣ ጥሩምባው፣ የግንባታው ድሪልና የአምልኮ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ተራ ይጠብቃሉ። ይህን ካሜራ ለድብድብ ኮሜዲ የሚያድነው ዘውጉ ራሱ ነው፤ ኩንግፉ ፊልም ድምፁ በኋላ ሲለጠፍ የኖረ ስለሆነ አፍና ቃል አለመግጠሙ ቀልድ ይሆናል። የካሜራውን ድምፅ በኋላ የሚለጠፈውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ለማስተሳሰር ብቻ ተጠቀሙበት፣ በየቀረጻው መጀመሪያ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ።

ንግግሩን ጋቢና ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ቅዱት። ምቶቹንም እዚያው፦ ለቡጢ ወፍራም የቆዳ ጃኬት ትራስ ላይ አንጥፋችሁ በተጠቀለለ ቀበቶ ምቱ፤ ለጥፊ እርጥብ ፎጣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፤ ለአጥንት ጥሬ ካሮት ስበሩ፤ ካልቾው አየር ሲቀድ የሚሰማው «ሹው» በአርጩሜ ይወጣል፣ ከስልኩ ክንድ ያህል ርቃችሁ አወዛውዙት። ቴስታውን በምጣድ ክዳን። ድምፁ የሚቀመጠው ምቱ ባረፈበት ፍሬም ላይ ነው፤ በ25 ፍሬም አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ በሁለት ፍሬም ከዘገየ ቡጢው ክብደቱን ያጣል።

ስፖንጅ፣ ሰዓትና ቦታ

ይህ የካሜራ ግምገማ ቢሆንም ብሩ የሚያበቃው ለሌንስ ወይ ለስፖንጅ ከሆነ ስፖንጅ ግዙ። የቴኳንዶ ክለቦች የሚያነጥፉት ገጣጣሚ ምንጣፍ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው ከመንሸራተትና ከመላላጥ እንጂ ከመውደቅ አያድንም። አንድ 10 ሳንቲ ሜትር የፍራሽ ስፖንጅ በጀርባ ለሚወድቅ ሰው አይበቃም፤ ተጨምቆ መሬቱ ይሰማል። ሁለት ደርቡ፣ ጠንካራው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ፤ እንዳይንሸራተቱ አንድ ላይ በገመድ እሰሩ። ከስራቸው ባዶ ካርቶኖች ተገጥመው ከተደረደሩ ምቱን ተጨራምተው ይውጡታል፤ በተጨራመተ ካርቶን ላይ ሁለተኛ ሰው አይወድቅ። ከአንድ ሜትር ከፍታ በላይ መውደቅን፣ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ፣ አትሞክሩ። የሚወድቀው ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ያድርግ፣ እየተነፈሰ ይውደቅ፣ መዳፉን ወደ ኋላ አይደግፍ፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲያ ነው። ስፖንጅ ላይ ለሚወደቅ ግን ከላይ ያልነው 18 አይሆንም፤ ስፖንጁ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ሌንሱ 55 ላይ ይሁን፤ ሰውየው ከፍሬሙ ሲወጣ ቁረጡና መሬት ላይ ተዘርሮ ያለውን ለብቻው ቅረጹ።

ፀሐይ እዚህ ከተማ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትወጣለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ከአናት ፍንክች አትልም። የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ፊት ካልታየ ቀልድ የለም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቅረጹ። ክረምት ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ለዚህ ካሜራ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ሳይጀምር ጠዋቱን ተጠቀሙ። ጥላው ስለሚዞር የአንዱን ምት የፊትና የኋላ ቀረጻ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱ። አደባባይና አስፋልት ዳር ስታንድ ዘርግታችሁ መደባደብ ከጀመራችሁ ጥበቃ ወይ ፖሊስ መምጣቱ አይቀርም፣ የውሸት ድብድብ መሆኑን ደግሞ ከሩቅ ማንም አያውቅም። ፈቃድ የሌለው ቡድን በግል ግቢ ወይ ባለቤቱ በፈቀደው ጣሪያ ላይ ይሥራ፤ ከ4.5 ሜትሩ ርቀት ጋር 6 ሜትር ርዝመት ካለው፣ የቆርቆሮ አጥር ካለም በብርድ ልብስ ከተሸፈነ፣ ይበቃል።

ቅንብር

ፋይሎቹ ኤምኦቪ ስለሆኑ ካፕከትም ዳቪንቺ ሪዞልቭም የሚባሉት የቅንብር ፕሮግራሞች ይከፍቷቸዋል። በስልክ ለመጨረስ ካፕከት በቂ ነው፤ ነጻው ሪዞልቭ ይሻላል፣ ግን ራም 8 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ ላይ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) ሳትሠሩ አትግቡበት። የምቱ ቁርጥ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቁራጭ ቡጢው ባረፈበት ፍሬም ያልቃል፤ ሁለተኛው፣ ከሌላ አቅጣጫ የተቀረጸው፣ ቡጢው ሊያርፍ ሁለት ወይ ሦስት ፍሬም ሲቀረው ይጀምራል። ዓይን ምቱን ሁለት ጊዜ ያያል፣ አእምሮ አንድ ከባድ ምት አድርጎ ይቆጥረዋል። አራት ፍሬም ከደረሰ ድግግሞሹ ይታወቃል። ለዚህ ስትሉ እያንዳንዱን ምት ከሁለት አቅጣጫ መቅረጽ ግድ ነው፤ አንድ ካሜራ ስላላችሁ ተዋናዮቹ ሁለት ጊዜ ይሠሩታል፣ ስለዚህ የትኛው እግር ከፊት እንደነበር አንድ ሰው ይጻፍ።

700ዲን ማን አይግዛ? ብቻውን ይዞ እየሮጠ ድብድቡን የሚከተል፣ አውቶ ፎከስ የሚያስፈልገው ሰው። ለእሱ የካኖን ኢኦኤስ ኤም50 ይሻለዋል፤ ፎከሱ ሰው ይከተላል፣ በሙሉ ኤችዲም 50 ፍሬም ይቀርጻል። 4ኬው ግን ምስሉን ስለሚቆርጥና ያንን ፎከስ ስለማይሰጥ በ4ኬው ተማርካችሁ አትግዙት። ስታንድ ላይ አቁሞ ለሚሠራ ቡድን 700ዲው ይበቃዋል፤ ከካሜራው የተረፈው ብር በዚህ ተራ ይውጣ፦ ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለት ስፖንጅ፣ 58 ሚሊ ሜትር ኤንዲ8፣ የማይንቀጠቀጥ ስታንድ። ሌላ ሌንስ እስከ ሁለተኛው ፊልም ይቆይ።